በሕሙማን አልጋ አጠገብ ዕውቀትና ጠባይ ይለያያሉን?

ስለ ነርሶችና ስለ ነርስ ተማሪዎች ጨዋታ በተነሣ ጊዜ ሁሉ፥ በዓለም ከተማም ሆነ በሌላው ከተማ፥ ሁለት ወገን ሳይገኝ አይቀርም። አንደኛው ወገን፥ «ለበሽተኛ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ደግ ሰው ነው፤ እጁ ቢዘገይ እንኳ ፊቱ ብሩህ፥ አንደበቱ ለስላሳ የሆነ ነርስ ይበቃናል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ጠባዩን ለቤቱ ያድርገው፤ እኛ የምንሻው መርፌውን በትክክል የሚወጋ፥ መድኃኒቱን የማያሳስት ዐዋቂ ነው፤ ቢቈጣም ይቈጣ» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ የቡና ላይ ወሬ ቢመስልም ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፥ ከሁለቱ አንዱን የተከተልን እንደሆነ፥ ትምህርት ቤቱ የሚመርጠው ተማሪ፥ መምህሩ የሚገሥጸው ጥፋት፥ ወላጅም ለልጁ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ይለወጣልና ነው። ስለዚህ ዕውቀትና ጠባይ በእውነት የሚነጣጠሉ ሁለት ነገሮች ናቸውን? ወይስ በሕሙማን አልጋ አጠገብ አንድ ይሆናሉ? ይህን ልንመረምር ወደድን።

ጥያቄው ለመርሐቤቴ ሕዝብ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። መርሐቤቴ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ አገር ነው። ከቈላው ቀበሌ የታመመ ሰው ወደ ከተማ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጎረቤቶቹ ተጋግዘው በቃሬዛ ተሸክመውት፥ ዳገቱን በላብ ገፍተው ነው። የአዲስ አበባ ሰው አንዱ ሐኪም ቤት ባይስማማው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከሸለቆ የወጣ በሽተኛ ግን ምርጫ የለውም። በካርልሃይንዝ ቦም የተመሠረተው ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት በዓለም ከተማ ያሠራው ሆስፒታል «እናት» የሚል ስም አለው። ስሙ ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ እናት ሕፃኗን ስታስታምም ከምታደርገው ይህ ፍቅር ነው፥ ይህ ደግሞ ዕውቀት ነው ብሎ የሚለይ የለምና። ምርጫ የሌለው ሰው ሰውነቱን ዐደራ የሰጠው ተማሪም፥ ዐደራው ከሌላው ዐደራ ሁሉ ይከብዳል።

አስቀድመን የመጀመሪያውን ወገን ነገር እንመልከት። በአገራችን አስታማሚ የሚባል ታላቅ ሰው አለ። እርሱም እናት ወይም ልጅ፥ ወንድም ወይም ጎረቤት ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል፥ ውሃ ያጠጣል፥ ያገላብጣል፥ ያጽናናል። በሽተኛው ይህን ፍቅር በቤቱ ሳለ አግኝቶታል፤ ዳገቱን የወጣው ፍቅር አጥቶ አይደለም። የወጣው አስታማሚው የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነው። እንግዲህ ነርሱ ደግ ብቻ የሆነ እንደሆነ፥ በሽተኛው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ነገር መልሶ ሰጠው እንጂ ምን ጨመረለት?

ደግነት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1847 በቪየና ከተማ ሐኪም ኢግናዝ ሰመልዋይስ የሚሠራበት ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጅ ተማሪዎች ይማሩ ነበር። በሕክምና ተማሪዎቹ ክፍል የሚሞቱት እናቶች በአዋላጆቹ ክፍል ከሚሞቱት እጅግ ይበዙ ነበር። ሰመልዋይስ ምክንያቱን ሲመረምር፥ የሕክምና ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቈይተው በዚያው እጅ እናቶችን እንደሚነኩ አስተዋለ፤ ከዚያም በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አዘዘ። በአፕሪል ወር ከ100 እናቶች 18 ያህል ይሞቱበት የነበረው ክፍል፥ በጁን ወር ወደ 2 ያህል ወረደ። እነዚያ ተማሪዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለሞተችው እናት ያዘኑም ብዙዎች ይኖራሉ። ነገር ግን የሚያዝን ልብ ያልታጠበ እጅን አያነጻም።

ከዚህም ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከ1847 በፊት የነበረው ተማሪ ባለማወቁ ይቅር ሊባል ይችላል። ዛሬ ግን ሊታወቅ የሚቻለውን፥ መምህር የነገረውን፥ መጽሐፍ የጻፈውን ነገር ሳይማር በሽተኛ የሚነካ ተማሪ፥ አላውቅም ነበር ብሎ ነጻ ሊወጣ አይችልም። አለማወቁ የአእምሮው ድካም ሳይሆን የምርጫው ፍሬ ሆኗልና። እንግዲህ ዕውቀትን ቸል ማለት ራሱ የጠባይ ጥፋት መሆኑ በዚህ ይታያል።

ዕውቀት ስንልም የረቀቀውንና የከበደውን ብቻ ማለታችን አይደለም። አንድ ሕፃን ሳል ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ በመጣ ጊዜ ነርሱ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንዲቈጥር ታዝዟል። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር የሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተነፈሰ እንደሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል፤ የሳንባ ምች ምልክት ነውና መድኃኒት ያሻዋል። አሁን ተማሪው ቸኩሎ ሩብ ደቂቃ ብቻ ቈጠረና በ4 አባዛው እንበል። 12 የቈጠረ እንደሆነ 48 ይሆናል፤ ሕፃኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል። 13 የቈጠረ እንደሆነ 52 ይሆናል፤ መድኃኒት ይሰጠዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ትንፋሽ ናት። የተቈጠበው ጊዜ 45 ሴኮንድ ነው፤ ለአደጋ የተሰጠው የአንድ ሕፃን ነፍስ ነው። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ቃል ለዱቄትና ለጤፍ እውነት ነው፤ የፈሰሰችው የሕፃን ትንፋሽ በሆነች ጊዜ ግን የሚለቅማት የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ። ዐዋቂ ከሆነ ቢቈጣም ይቈጣ የሚሉ ሰዎች ዕውቀት ከወዴት እንደሚመጣ ረስተዋል። ነርሱ ስለ በሽተኛው ከሚያውቀው ብዙውን የሚነግረው በሽተኛው ራሱ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገውን ሰው ግን አንመረምርም። ሴት በምጥ ሳለች ተሰደበች እንበል፤ ወይም ልብሷ ስለ ቈሸሸ ተናቀች፥ ስትጮኽ ዝም በዪ ተብላ ተገፈተረች እንበል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕመሟን አትናገርም። ተማሪው ምጡ የተለወጠበትን ሰዓት፥ የፈሰሰውን ነገር፥ የራሷን ምታት ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ በቍጣው የጐዳው የእርሷን ክብር ብቻ ሳይሆን የራሱንም ዕውቀት ነው።

ጥፋቱም በአንዲት ሴት ላይ አይቆምም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2003 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው እየዞሩ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ሲመክሩ ኖረዋል። ያች የተሰደበች እናት ግን ወደ ቀበሌዋ ተመልሳ በውሃ መቅጃው፥ በማኅበሩ፥ በለቅሶው ላይ ያገኛትን ትናገራለች። የምትሰማትም ነፍሰ ጡር፥ «ከዚያ ከምዋረድ በቤቴ ብሞት ይሻለኛል» ትላለች። አንድ ክፉ ቃል የብዙ ዓመት ምክርን ያፈርሳል፤ በቤቷ ደም ፈሷት ለሞተችውም ሴት፥ ያ ተሳዳቢ ተማሪ ስሟን ሳያውቅ ተጠያቂነት አለበት።

እስከዚህ ድረስ ዕውቀት ያለ ጠባይ፥ ጠባይም ያለ ዕውቀት እንደማይቆም አይተናል። ሁለቱ አንድ መሆናቸው በግልጥ የሚታይበት ቦታ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ሙቀት፥ የልብ ምት፥ ትንፋሽና የደም ግፊት በየሰዓቱ ይጻፋሉ። እንበልና አንዲት እናት በሰላም ወልዳ ተኝታለች። ተማሪዪቱ በየ15 ደቂቃው ምቷን እንድትቈጥር ታዝዛለች። ሌሊቱ ረዝሟል፤ እናቲቱም የተኛች ትመስላለች። ተማሪዪቱ ልትቀሰቅሳት አልወደደችም፤ ቀድሞ የተጻፈውን 80 አይታ ደግማ 80 ብላ ጻፈች፤ ቀጥሎም 82፤ ቀጥሎም 80። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ጽሕፈቷም ያማረ ነው።

ነገር ግን በዚያች ሰዓት እናቲቱ ደም ይፈሳት ይሆናል። ወጣትና ጤነኛ ሰውነት ደም ሲጐድልበት ልቡን ያፈጥናል፥ የደም ሥሮቹንም ያጠባል፤ ስለዚህ የደም ግፊቱ ለጊዜው ደኅና መስሎ ሊቈይ ይችላል። አስቀድሞ ምስጢሩን የሚያወጣው የልብ ምት ነው። ምቱ ከ80 ወደ 100፥ ከ100 ወደ 120 ሲወጣ ያየ ነርስ ሐኪም ይጠራል፤ ማሕፀኗን ይመረምራል፥ መድኃኒት ይሰጣል። ግፊቱ እስኪወድቅ የጠበቀ ግን ዘግይቷል። እንግዲህ ያ ሳይቈጠር የተጻፈው 80 የእናቲቱን የልብ ጩኸት አፈነው።

ይህች ተማሪ የጐደላት ምንድር ነው? ዕውቀት ነው እንዳንል መቍጠር ትችላለች፤ በፈተና ብትጠየቅ ትመልሳለች። ደግነት ነው እንዳንልም ልትቀሰቅሳት የራራችው እርሷ ናት። የሠራችው ሥራ ግን ከመሃይምና ከጨካኝ ሥራ አልተለየም። ይልቁንም የከፋ ነው፤ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ባዶ ቢተወው ሌላው ሰው ባዶነቱን አይቶ ይቈጥር ነበርና። ሐሰተኛው ቍጥር ግን በማለዳ የሚመጣውን ሐኪም፥ ተረኛዋን ነርስ፥ ሆስፒታሉን ሁሉ የማያውቅ ያደርጋል። የአንዲት ሰው ውሸት የብዙ ሰው ዕውቀትን ያጠፋል። ከዚህ የተነሣ እውነተኛነት ለነርስ ከዕውቀት ውጭ የሚጨመር ጌጥ አይደለም፤ ዕውቀት የሚያይበት ዐይን ነው እንላለን።

ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሲነገር ሰዎች የሚያስታውሱት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ወደ ስኩታሪ ሄዳ በሌሊት መብራት ይዛ በቍስለኞች መካከል መዞርዋን ነው። መዞርዋ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጦር ሹማምቱን ያስረዳቻቸው በመብራቷ ሳይሆን በቍጥር ነበር። ከቍስል ይልቅ በበሽታ የሞቱት ወታደሮች እንደሚበዙ ቈጥራ አሳየች፤ በ1860ም በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በዚያ ሆስፒታል የሚጻፉት ቍጥሮች በግምት የተጻፉ ቢሆኑ ኖሮ ሥራዋ ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት በሆነ ነበር።

አሁን፥ ተማሪ ስለ ምን ይዋሻል? ብለን እንጠይቅ። ክፉ ስለ ሆነ ነው የሚለው መልስ ቀላል ነው፥ ግን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ብዙው ተማሪ የሚዋሸው ፈርቶ ነው። ምቱ ካልተሰማው፥ «አልተሰማኝም» ቢል በበሽተኛውና በባልንጀሮቹ ፊት ይዋረዳል። ይህን ያህል መርፌ ወጋ፥ ይህን ያህል እናት አዋለደ እየተባለ የሚፈረምበት ደብተር አለው፤ ቀኑ ሳያልቅ መሙላት አለበት። የሚቈጣጠረው ሰው አንድ፥ ተማሪዎቹ ብዙ ናቸው። ደብተሩ የሞላውን የሚያመሰግን፥ «አላውቅም» ያለውን የሚሰድብ መምህር፥ ሳያስበው ውሸትን ያስተምራል። «ካለመናገር ደጅ አዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ተማሪ አላውቅም ከማለት ሲያፍር ግን የሚቀረው ሹመት ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ «ሲስተር፥ ምቱ አልተሰማኝም፤ እርስዎ ይዩልኝ» የሚለው ቃል የነርስ ተማሪ የመጀመሪያው ሙያ ሊሆን ይገባል፤ ይህን ቃል በደስታ መቀበልም የመምህሩ ሙያ ነው።

በዚህ ነገር የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምሩን ነገር አለ። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፥ በመምህሩ ፊት አሰምቶ፥ ስሕተቱ በዚያው ታርሞ፥ ዓመታት ከደከመ በኋላ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ተማሪም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ያላስመሰከረ ሰው ምንም ድምፁ ቢያምር መምህር አይባልም። በዚያ ሥርዓት አለንጋውና ቍጣው አልጠፉም፤ ነገር ግን ተማሪው ሳያውቅ ዐወቅሁ ብሎ የሚያልፍበት በር አልነበረውም፤ መምህሩ በጆሮው ይሰማዋልና። በዚህ ላይ ግን ታላቅ ልዩነት አለ። በማኅሌት የተሳሳተ ዜማ ወዲያው ይሰማል፤ ሊቃውንቱ ሁሉ ቀና ብለው ያያሉ። በሌሊት የተሳሳተ ቍጥር ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ የነርስ ተማሪ ከድጓ ተማሪ ይልቅ ራሱን የሚሰማበት ጆሮ በልቡ ሊተከልለት ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ ሲተኛ የሚያስመሰክረው ለኅሊናው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ መቃወሚያ ይነሣል። «ተማሪ ሳይለማመድ ዐዋቂ አይሆንም፤ የሚለማመደውም በሰው ላይ ነው። የሚለማመዱበትም ሰው ብዙ ጊዜ ድኻው ነው፤ ባለጠጋው ወደ ግል ሐኪም ቤት ይሄዳል። እንግዲህ ለሁላችን የሚጠቅመውን ዕውቀት ድኻ በሥጋው እየከፈለ ይኖራልን?» ይላሉ። መቃወሚያው እውነት አለበት፤ በቃል ብቻ ልናልፈው አይገባም። በእውነት የቈላው ገበሬ ክንዱን ለመጀመሪያዋ መርፌ ሲዘረጋ፥ ነገ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ የሚጠቅም ነርስ እያሠለጠነ ነው። እርሱ የተማሪው መምህር ሆነ ማለት ነው። መምህር ከሆነም ለመምህር የሚገባው ክብር ይገባዋል።

ክብሩም በሦስት ነገር ይገለጣል። አንደኛ፥ ተማሪው በአሻንጉሊትና በመምህሩ ፊት ሊለማመድ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ተለማምዶ ይምጣ፤ በሰው ሥጋ ላይ የሚማረው በሌላ መንገድ ሊማረው የማይችለውን ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፥ «አባቴ፥ እኔ ተማሪ ነኝ፤ መምህሬ አጠገቤ አሉ፤ ይፈቅዱልኛልን?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ብንጠይቅ ሰው ሁሉ እምቢ ይላል የሚሉ አሉ። እምቢ የሚል ይኖራል፤ መብቱም ነው። ዳሩ ግን ሕዝባችን በክብር ለጠየቀው ልጅ ፊት የሚነሣ ሕዝብ አይደለም፤ የሚያስቈጣው ሳያውቅ መሞከሪያ መሆኑ ነው። ሦስተኛ፥ አንድ ጊዜ ሞክሮ ያልተሳካለት ተማሪ እጁን መልሶ ለሚያውቀው ይስጥ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ መውጋት ትምህርት ሳይሆን እልኽ ነው።

ዝቅ ብሎ መማር ሊያሳፍር እንደማይገባ ከታሪካችን አንዲት ሴት ትመሰክራለች። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአባቷ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር በተሰደደች ጊዜ፥ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተማረች፤ በ1931 ዓ.ም. ትምህርቷን ፈጸመች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆንዋ የሕፃን ሙቀት ለመለካትና አልጋ ለማንጠፍ የሚያስፈልገውን ዕውቀት አልሰጣትም፤ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ልትማረው ግድ ሆነባት። ወደ አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትቈይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመቷ ዐረፈች። በስሟም በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። ሌሎችን ለማዳን የተማረችው ሴት፥ እናቶችን ሁሉ በሚያሰጋው ሞት መሞቷ፥ ይህ ሙያ ማዕርግን እንደማያይ በሐዘን ያስታውሰናል።

ዛሬ መንግሥት የተማሪዎችን ችሎታ ለመመዘን ብዙ ይደክማል። የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። መልካም ነው፤ ሰነፉን ከትጉሁ ይለያል። ነገር ግን ፈተና ተማሪው መቍጠር እንደሚችል ይጠይቃል እንጂ፥ በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብቻውን ሳለ መቍጠሩን አያይም። በፈተና ላይ ከባልንጀራው የቀዳ ተማሪ ደግሞ፥ በሆስፒታል ከትናንቱ ወረቀት ለመቅዳት እጁን አስለምዷል። ስለዚህ የፈተና ሌብነትን እንደ ልጅነት ተንኰል አይተን የምንስቅ ወላጆች፥ በስተርጅና የምንተኛበትን አልጋ እያሰናዳን መሆናችንን እንወቅ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ሥራ ለየወገኑ የተከፈለ ነው። መምህራን ሆይ፥ ባዶ የተተወውን መስመር ከሐሰተኛው ቍጥር አብልጣችሁ አክብሩ፤ ተማሪው ምክንያቱን ይነግራችኋልና። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በሽተኛን መንካት የሚጸየፍ ከሆነ፥ ሥራ ቶሎ ይገኝበታል ብላችሁ ብቻ ወደዚህ ሙያ አትግፉት። ካህናት አባቶች ሆይ፥ የንስሓ ልጃችሁ ሳልቈጥር ጻፍሁ ብላ የመጣች እንደሆነ፥ ነገሩን እንደ ቀላል ውሸት አትዩት፤ በሐሰት ከመመስከር ጋር ቍጠሩትና ወደ አልጋው ተመልሳ እንድትቈጥር ምከሩአት። ተማሪዎች ሆይ፥ ስታፍሩ ጠይቁ፥ ሲደክማችሁ ተናገሩ፤ ያልቈጠራችሁትን ግን አትጻፉ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፥ በቡናው ላይ የተከራከሩት ሁለቱ ወገኖች አንድ ሰው ለሁለት ከፍለው ይሻሙ ነበር እንላለን። ደጉ ሰው ያላወቀ እንደሆነ ደግነቱ ለበሽተኛው አይደርሰውም፤ ዐዋቂው ክፉ የሆነ እንደሆነ በሽተኛው ወደ ዕውቀቱ አይደርስም። በሰው የልብ ምት ላይ ሁለት ጣቶቹን አኑሮ፥ ማንም ሳያየው አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚቈጥር ተማሪ ግን፥ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ዕውቀቱና ጠባዩ የት ላይ እንደሚለያዩ ማንም ሊያሳየን አይችልም።